የናይትሮጅን ቀለበትና የአዊ ዛፍ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ አልፎ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚያየው ነገር ልብን ደስ የሚያሰኝ ነበር። ቀድሞ ተራቍቶ የነበረው ኮረብታ ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ተሸፍኖ፥ በየመንደሩም የከሰሉ ጢስ ሲወጣ ይታይ ነበር። ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ በአዊ ደጋ ግን፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ እንደ ሰብል ተቈጥሮ ተለምዷል። ገበሬው ችግኙን በመዠመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋራ በአንድ ማሳ ያበቅለዋል፤ ጤፉን ካነሣ በኋላ በዛፎቹ መካከል የሚወጣውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ቈርጦ ያከስላል፤ ከሰሉንም ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ነጋዴ ሸጦ ቤቱን በቈርቈሮ ይከድናል፥ ልጁንም ያስተምራል። ከዚያም ምድሩን መልሶ ሲያርሰው ከቀድሞው ይልቅ ለምቶ ያገኘዋል። የአዊ ደጋ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ የኮመጠጠ፥ ኖራ ካልተጨመረበት እህል በደኅና የማይሰጥ ስለ ሆነ፥ ይህ ዛፍ ለገበሬው እንደ ባለውለታ የሚቈጠር ነበር።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ገደማ በዛፉ ላይ ዋግ ወረደበት። ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፉ ቡናማ ዱቄት በመሰለ ነገር ተሸፈነ፤ ቅጠሉ ረገፈ፤ ችግኙም ሳያድግ ደረቀ። ሊቃውንት መርምረው ኡሮሚክላዲየም ከሚባለው የዋግ ወገን መሆኑን ለዩት። ይኸው ዋግ ቀደም ብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪቃ በዚሁ ዛፍ ዘመድ ላይ ታይቶ ብዙ ተክል ያጠፋ ነው። ዋግ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ በብሉይ ኪዳን መጻሕፍትም ከራብና ከቸነፈር ጋራ ተጠርቶ ይገኛል። በስንዴና በገብስ ላይ የሚወርደውን ዋግ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በዛፍ ላይ ወርዶ የአንድ አገር ሕዝብ መተዳደሪያን ሲነካ ግን ለአዊ ሰው አዲስ ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ገበሬው የግብርና ሠራተኛውን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መድኃኒት አለውን? የሚል ነው። መልሱን ለመስጠት መጠየቅ ቀላል የሆነውን ያህል አይቀልም። ለዋግ የሚረጩት መድኃኒቶች ከናይትሮጅን ቀለበት ሥራ ጋራ የተያያዙ ናቸው፤ የናይትሮጅን ቀለበት ሥራ ደግሞ ሰው ለራሱ በሽታ ከሚውጠው መድኃኒት ጋራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ሰው ከሚተነፍሰው ዐየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን ነው። ላቮአዝዬ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቅ ይህን ነገር አዞት ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ሕይወት የሌለው ማለት ነው። በእርሱ ብቻ በተሞላ ዕቃ ውስጥ የገባ እንስሳ ይሞታልና። ዳሩ ግን ስሙ ግብሩን አልገለጠውም። ናይትሮጅን የሌለበት ሥጋ፥ ናይትሮጅን የሌለበት ዘር፥ ናይትሮጅን የሌለበት ቅጠል የለም። ችግሩ ሌላ ነው። በዐየር ውስጥ ያሉት ሁለት ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች በሦስት ማሰሪያ እርስ በርሳቸው ተጠፍረው ስለሚኖሩ ከሌላ ነገር ጋራ በቀላሉ አይዋሐዱም። ይህን ማሰሪያ የሚፈቱት መብረቅ፥ በባቄላና በዲከረንስ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን ሕያዋን፥ በኋላም ሐበርና ቦሽ የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት ያወጡት የፋብሪካ ሥራ ናቸው። ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ በከረጢት የሚመጣው ዩሪያ የዚህ የፋብሪካ ሥራ ፍሬ ነው።

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በቀለበት ውስጥ ነው። ካርቦን የተባለው አቶም ከባልንጀሮቹ ጋራ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ መሥራት ይወዳል፤ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ሲያያዙ የጸና ቀለበት ይሆናል። በዚህ ክብ ውስጥ ከካርቦኖቹ የአንዱን ወይም የሁለቱን ስፍራ ናይትሮጅን ሲይዘው የቀለበቱ ጠባይ ይለወጣል። በኬሚስትሪ ሊቃውንት ዘንድ እንዲህ ያለው ባዕድ አቶም የገባበት ቀለበት ሄትሮሳይክል ይባላል። ስሙ ለጆሮ ከባድ ይሁን እንጂ ነገሩ ከሰው አልራቀም። ከቡና ውስጥ እንቅልፍ የሚያባርረው ካፌይን ሁለት ተጣባቂ ቀለበት ሲሆን በውስጡ አራት ናይትሮጅን አለበት። በጃዊና በሌላውም የአዊ ቈላ የሚታወቀውን ወባን ለማከም ከተሰጡት መድኃኒቶች አያሌዎቹ ከጥንቱ ከኪኒን ዠምሮ ናይትሮጅን ያለባቸው ቀለበቶች ናቸው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር አራት የናይትሮጅን ቀለበቶች ማግኒዝየምን ከበው የሚሠሩት ነው፤ ደምን የሚያቀላውም እንዲሁ አራት ቀለበቶች ብረትን ከበው የሚሠሩት ነው። ከሁሉም በላይ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው የዘር ጽሕፈት የሚጻፍባቸው አራቱ ፊደላት ሁሉም የናይትሮጅን ቀለበቶች ናቸው።

እንግዲህ ቀለበትን በራሱ እጅ መሥራት የቻለ ሰው የመድኃኒትን በር ከፈተ ማለት ነው። ይህን በር ከከፈቱት ቁልፎች ሁሉ ቀላሉና የተመሰገነው አዛይድ በተባለው ነገር የሚሠራው ነው። አዛይድ ስሙን የወረሰው ከዚያው ከአዞት ነው፤ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች በአንድ መሥመር ተደርድረው የሚኖሩበት ነገር ነው። ታሪኩ የሚዠምረው ግሪስ በተባሉት ጀርመናዊ ነው። እኒህ ሰው በእንግሊዝ አገር በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ሆነው እየሠሩ በ1864 እ.ኤ.አ. ፌኒል አዛይድ የሚባለውን አወጡ። ኩርትዩስ የተባሉት ሊቅ ደግሞ በ1890 እ.ኤ.አ. የአዛይዶችን ሁሉ አባት የሆነውን አሲድ ለዩት። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1893 እ.ኤ.አ. አርተር ማይክል የተባሉት አሜሪካዊ ፌኒል አዛይድን ከአሴቲሊን ወገን ከሆነ ነገር ጋራ ቀላቅለው አሞቁት፤ አምስት አቶም ያለው፥ ከአምስቱም ሦስቱ ናይትሮጅን የሆኑበት ቀለበት ወጣላቸው። ይህ ቀለበት ትራያዞል ይባላል። ነገሩ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ከስልሳ ዓመት በላይ በመጻሕፍት ውስጥ ተቀብሮ ኖረ።

ምክንያቱን የገለጡት በ1920 እ.ኤ.አ. ተወልደው መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀራቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፉት፥ በሙኒክ ከተማ ያስተማሩት ሮልፍ ሁይስገን ናቸው። የአሳባቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በአዛይድ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ናይትሮጅኖች ኤሌክትሪክ ኃይላቸው የተካከለ አይደለም፤ በአንዱ በኩል ሲበዛ በሌላው በኩል ይጐድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ዋልታ ያለው ይባላል። በሌላ በኩል አሴቲሊንና ዘመዶቹ ሁለት ካርቦን በሦስት ማሰሪያ የተያያዙባቸው ናቸው። አሴቲሊን ማለት በዳንግላና በእንጅባራም ያሉ በያጆች ብረት የሚያቀልጡበት ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የአዛይዱ ሁለት ጫፎች የካርቦኖቹን ሁለት ጫፎች በአንድ ጊዜ ይይዟቸዋል፤ ሦስት ሲደመር ሁለት አምስት ይሆናል፤ ቀለበቱም ይዘጋል። አንድም አቶም አይወድቅም፥ አንድም ጥራጊ አይቀርም፤ የገባው ሁሉ በቀለበቱ ወይም በጐኑ ይገኛል። ሁይስገን ይህንኑ ሕግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መዠመሪያ ላይ ከአዛይድ አልፎ ለብዙ ዐይነት ነገር እንደሚሠራ አስረዱ፤ አያሌ የናይትሮጅን ቀለበቶችም በዚሁ መንገድ ተሠሩ።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሥራው ብርቱ ሙቀትና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ከዚህም በቀር አዛይዱ ካርቦኖቹን በሁለት አኳኋን ሊይዛቸው ስለሚችል የሚወጣው የሁለት ዐይነት ቀለበት ድብልቅ ነው። ድብልቁን መለየት ድካም ነው፤ በመድኃኒት ሥራም ሁለቱን ሳይለዩ መስጠት አይቻልም። ይህን ጉድለት የሞላው መዳብ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ሞርተን ሜልዳልና ባልንጀሮቻቸው፥ በአሜሪካም ባሪ ሻርፕለስና ባልንጀሮቻቸው፥ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፥ ጥቂት መዳብ ቢጨመር ሥራው ያለ እሳት እንደሚፈጸምና አንድ ዐይነት ቀለበት ብቻ እንደሚወጣ አገኙ። ሜልዳል ያገኙት ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነበር፤ ያልጠበቁትን ቀለበት በዕቃቸው ውስጥ ባዩ ጊዜ አልጣሉትም፥ መረመሩት እንጂ። የሚያስገርመውም ሜልዳል ይሠሩበት የነበረው ላቦራቶሪ በካርልስበርግ የቢራ ባለቤት የተመሠረተ መሆኑ ነው፤ ግሪስ የዠመሩት በቢራ ቤት ነበር፤ መልካሙ ፍጻሜም በቢራ ባለቤት ገንዘብ በቆመ ቤት ተገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. ካሮሊን ቤርቶዚ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ሌላ እርምጃ ጨመሩ። መዳብ ሕያው የሆነን ሴል ይጐዳል፤ ስለዚህ እሳቸው አሴቲሊኑን በጠባብ ቀለበት ውስጥ አጕብጠው አስጨነቁት፤ የተጨነቀውም ነገር ያለ መዳብ ከአዛይድ ጋራ ለመያያዝ ፈጠነ። በዚህ ዘዴ በሕያው ሴል ላይ ያለውን ስኳር ምልክት አድርጎ መከታተል ተቻለ። ሦስቱም፥ ማለት ሻርፕለስ፥ ሜልዳልና ቤርቶዚ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ለሻርፕለስ ይህ ሁለተኛቸው ነበር። ሁይስገን ግን ከሁለት ዓመት በፊት አርፈው ነበርና ሽልማቱ አላገኛቸውም።

የዚህ ሥራ ፍሬ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ይታያል። ብርቱ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠው ሩፊናማይድ በመካከሉ ያለው ቀለበት በአዛይድ የሚሠራው ትራያዞል ነው። ባክቴርያ የመድኃኒትን ኃይል እንዳያፈርስ ከፒፔራሲሊን ጋራ ተደባልቆ በመርፌ የሚሰጠው ታዞባክታምም ይኸው ቀለበት አለበት። አዛይድ ከአሴቲሊን ይልቅ ካርቦንና ናይትሮጅን በሦስት ማሰሪያ ከተያያዙበት ነገር ጋራ ሲገናኝ ደግሞ አራት ናይትሮጅን ያለው ቴትራዞል ይወጣል። ለደም ግፊት በኢትዮጵያም የሚሰጠው ሎሳርታን ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ቀለበት ነው።

በዚሁ በሎሳርታን ወገን ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የደረሰው ነገር ግን የመድኃኒትን ነገር ለሚቈጣጠር ባለሥልጣን ሁሉ ትምህርት ነው። ቫልሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ኤን ዲ ኤም ኤ የተባለ ነገር ተገኝቶበት በብዙ አገር ከገበያ ተሰበሰበ። ምክንያቱ ሲመረመር ከቀለበቱ ሥራ የተነሣ ሆኖ ተገኘ። በቻይና አንድ ፋብሪካ የአሠራሩን መንገድ ለውጦ ነበር። ቀለበቱ ከተዘጋ በኋላ የተረፈው አዛይድ መርዝና ፈንጂ ስለ ሆነ በናይትራይት አጠፉት፤ ናይትራይቱ ግን ከማሟሟያው ፈሳሽ ከወጣ ሌላ ነገር ጋራ ተዋሕዶ ያንን ክፉ ነገር ወለደ። አንዱን አደጋ ለማጥፋት የገባው ነገር ሌላውን አመጣ። መድኃኒቱ በመልኩ፥ በክብደቱና በኃይሉ ምንም አልጐደለም፤ ጥፋቱን ያገኘው የተሠራበትን መንገድ አውቆ የመረመረ ሰው ነው። አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ የምታስመጣ ኢትዮጵያ የሚያስፈልጓት መርማሪዎች ክኒኑን መዝነው የሚያሳልፉ ብቻ ሳይሆኑ የቀለበቱን አሠራር ያወቁ መሆን እንዳለባቸው ይህ ይመሰክራል።

አሁን ወደ አዊ ዛፍ ይመለሷል። በስንዴ ዋግ ላይ የሚረጨው፥ ገበሬው ቲልት በሚለው ስም የሚያውቀው ፕሮፒኮናዞል፥ ከትራያዞል ወገን ነው። በደቡብ አፍሪቃም ለዛፉ ዋግ ከተሞከሩት መድኃኒቶች ውስጥ የትራያዞል ወገን ያለባቸው ነበሩ። ነገር ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በአዛይድ የሚሠራው ትራያዞል ሦስቱ ናይትሮጅኖች ተከታትለው የተቀመጡበት ነው፤ በማሳ ላይ የሚረጨው ግን ሁለቱ ጐን ለጐን፥ ሦስተኛው በካርቦን ተለይቶ የተቀመጠበት ነው። የመዠመሪያው የአዛይዱን ተራ እንደ ያዘ ነው፤ ሁለተኛው ግን በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው። ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ አንዱን በሌላው ስፍራ መቍጠር ስሕተት ነው፤ የአንድ ናይትሮጅን ስፍራ መለወጥ የመድኃኒትን ግብር ይለውጣልና።

በማሳ ላይ የሚረጨው ትራያዞል ዋግን የሚገድለው እንዲህ ነው። የዋግ ሴል ስስ ሽፋኑ እንዲጸና ኤርጎስቴሮልን የመሰለ ስብ ያስፈልገዋል። ይህን ስብ የሚሠራለት አንድ ኤንዛይም አለው፤ በኤንዛይሙም መካከል እንደ ደም ያለ ብረት አለበት። የትራያዞሉ ናይትሮጅን ሄዶ ይህን ብረት ይይዘዋል፤ ሥራው ይቆማል፤ ዋጉም ሳያድግ ይቀራል። ነገር ግን ሰው ላይ የሚወጣውን የሻጋታ በሽታ የሚያድኑት መድኃኒቶችም የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በኤድስ ምክንያት ሰውነታቸው ለደከመ ሰዎች የሚነሣውን የአንጐል ሽፋን በሽታ ለማከም የሚሰጠው ፍሉኮናዞል ትራያዞል ነው። በሆላንድ አገር እንደ ታየው፥ በማሳና በአበባ ላይ ትራያዞል ያለ ልክ ሲረጭ በአፈር ውስጥ የሚኖረው ሻጋታ መድኃኒቱን ለመደው፤ ያው ሻጋታ በሰው ሳንባ ሲገባ በትራያዞል መድኃኒት የማይድን ሆነ። ገበሬው በማሳው የረጨው ነገር በሆስፒታል ያለውን መድኃኒት አደከመው ማለት ነው።

እንግዲህ የአዊ ጥያቄ ክብደቱ ይህን ያህል ነው። የችግኝ ጣቢያን በልኩ መርጨት አንድ ነገር ነው፤ ችግኙ በቍጥር የታወቀ፥ ስፍራውም የተከለለ ነውና። ኮረብታውን ሁሉ በመርጫ ማዳረስ ግን ሌላ ነገር ነው። የዛፉ ዋጋ የመድኃኒቱን ዋጋና የሠራተኛውን ድካም አይመልስም፤ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የአዊ ንብም በዚያ አገር የምትቀስም ናት። ስለዚህ መድኃኒት ለጊዜው ማቆያ እንጂ የነገሩ መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔውን ኢትዮጵያ በስንዴዋ ላይ በመከራ ተምራዋለች። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ስንዴውን ባጠፋ ጊዜ ያንን ዋግ የሚችለው ዲጋሉ የተባለው ዘር በየስፍራው ተዘራ። ሦስት ዓመት ቈይቶ በ2006 ዓ.ም. ሌላ ዋግ፥ የግንድ ዋግ፥ በዲጋሉ ላይ ወረደበትና በባሌና በአርሲ የገበሬውን ማሳ አከሰለው። ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ዘር ብቻ በመዝራቱ ነበር። የአዊ ኮረብታም አንድ ዛፍ ብቻ ይዞ በቆመ ጊዜ ለዚህ አደጋ ራሱን ከፍቶ ነበር። ከዲከረንስ ውስጥ ዋጉን የሚችለውን እየመረጡ ዘሩን መያዝ፥ ከእርሱም ጋራ ናይትሮጅን ለአፈር የሚሰጡ ሌሎች ዛፎችን፥ የአገሩንም ዛፍ ጭምር፥ ቀላቅሎ መትከል፥ ከእህሉም መካከል ባቄላና አተር እያፈራረቁ መዝራት፥ ኖራውንም በጊዜው ማድረስ፥ ይህ ሁሉ ከመርጫው ይልቅ የሚዘልቅ ሥራ ነው።

በዚህ መካከል የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ ትንሽ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የዠመረው ይህ ዩኒቨርሲቲ በሽታው ካለበት ኮረብታ ሥር ተቀምጧል። ዋግን በአጉሊ መነጽር የሚያይ፥ አፈርን የሚመዝን፥ በመርጫው ውስጥ ያለው ነገር በዕቃው ላይ የተጻፈው መሆኑን የሚመረምር የአገሩ ልጅ እዚያው ሊወጣ ይገባል። የቀለበቱንም ሥራ ማስተማር ከአቅም በላይ አይደለም። በመዳብ የሚሠራው መንገድ የሚፈልገው ሰማያዊውን የመዳብ ጨው፥ በሎሚና በብርቱካን ውስጥ የሚገኘውን ቫይታሚን ሲ፥ ውሃና አልኮል ነው። ቫይታሚኑ መዳቡን በሚሠራበት አኳኋን ይጠብቀዋል፤ ውሃውም እንደ ሌላው ማሟሟያ በውድ አይገዛም። በትልልቅ አገር ፋብሪካ የሚሠራውን ቀለበት ተማሪው በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ሠርቶ ሊያየው ይችላል።

ይሁን እንጂ ቀላል ነው ማለት አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ሶድየም አዛይድ የወጥ ጨው የሚመስል ነጭ ነገር ነው፤ ጥቂቱ ሰውን ይገድላል። አሲድ ሲነካው መርዝ የሆነና የሚፈነዳ ትነት ያወጣል። በእርሳስና በመዳብ ቧንቧ ውስጥ ሲፈስ ከቧንቧው ጋራ ተዋሕዶ በመመታት የሚፈነዳ ዝቃጭ ይሆናል፤ የእርሳስ አዛይድ የፈንጂ ማስነሻ ሆኖ የሚሠራበት ስለዚህ ነው። በሆስፒታሎች ለደም ምርመራ የሚመጡ አንዳንድ ፈሳሾች እንዳይበላሹ ጥቂት አዛይድ ይጨመርባቸዋል፤ በልማድ ወደ ማፍሰሻ የሚደፋቸው ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል። ሊቃውንትም አዛይድ የሚሠራ ሰው የሚጠብቀውን ሚዛን አበጅተዋል፤ በሞለኪውሉ ያሉት ካርቦንና ኦክሲጅን ተደምረው ለናይትሮጅኖቹ ቍጥር ሲካፈሉ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆኑ ነገሩን ለይቶ ማከማቸት ያሠጋል ይላሉ። ካርቦኑ ሲበዛ የናይትሮጅኑን ቍጣ ያበርደዋልና። ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ቍልፍ ያለው መደርደሪያ፥ የተጻፈ መዝገብ፥ የሚያስወግድበት ሥርዓትና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው መኖር አለበት። የ2018ቱ የቫልሳርታን ነገር እንዳስተማረው ጥንቃቄ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ሳይሆን ከመዠመሪያው ከሥራው ጋራ የሚታሰብ ነው።

ናይትሮጅን በዐየር ውስጥ ሳለ ለማንም አይጠቅምም፤ በዛፍ ሥር ሲታሰር እህል ይሆናል፤ በቀለበት ሲታሰር መድኃኒት ይሆናል፤ ባላዋቂ እጅ ሲወድቅ ደግሞ መርዝና ፈንጂ ይሆናል። የአዊ ገበሬ ኮረብታውን ያለበሰው በራሱ ድካም ነው። ዋግ ሲወርድበትም ተስፋ አልቈረጠም፤ ደረቁን እየነቀለ ምድሩን ማረስ ዠምሯል። ለእርሱ የሚደረገው እርዳታ መርጫ ብቻ ሆኖ ቢቀር ችግሩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ዋጉን የለየ፥ መድኃኒቱን የመረመረ፥ መጠኑን የወሰነ፥ ዘሩንም የመረጠ ዕውቀት ነው። የግብርና ሹም፥ የጤና ሹምና የዩኒቨርሲቲው መምህር በየቢሮአቸው ተለያይተው ሳይሆን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚመክሩበት ጉዳይ ይህ ነው፤ አንዱ በማሳ ላይ የፈቀደው ነገር በሌላው ሆስፒታል ዋጋውን ያስከፍላልና። ምክሩም ዝናቡ ሳይገባ፥ ችግኙም ከጣቢያ ሳይወጣ ሊሆን ይገባል።